ከጓሮ የሚገኝ እንጀራ



ስለ ጓሮ አትክልት ጥቅም በእንዲህ ያለው ዓምድ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ሁለት ሦስት መደብ ጎመንና ቆስጣ ያላት እናት ለወጥ ብላ በየቀኑ ወደ ገበያ እንደማትሮጥ የማያውቅ የለም። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከዚህ ጠንከር ያለ ጥያቄ ነው። ይኸውም አንዲት ሴት በትንሽ ቦታ፣ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ መድኃኒት አትክልት እያመረተች ቤቷን ልታስተዳድር ትችላለች ወይ? የሚል ነው። ለድስት የሚሆን ጎመን ማብቀል አንድ ነገር ነው፤ የጤፉን፣ የዘይቱንና የልጅን የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያው መደብ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ጥያቄ የማቀርብላችሁ መልስ ከአንድ የሒሳብ ደብተር የተገኘ ነው። ደብተሩ የታላቅ እህቴ ነው።

እህቴ የምትኖረው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ በምትገኘው በሆለታ ከተማ ዳር ነው። ባለቤቷ ሲያርፍ ከሁለት ልጆች ጋር የቀረላት ዋና ሀብት ከቤቱ ጀርባ ያለው 600 ካሬ ሜትር ቦታና አንድ የእጅ ጉድጓድ ነበር። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ የተጻፈ በመሆኑ በሕግ በኩል የሚያሰጋት አልነበረም። ነገር ግን ሕግ ብቻውን የቤተሰብ ሰላም አይሆንም። ዋርሳዋ፣ «መሬቱን ለነጋዴ አከራይው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ትቀበያለሽ። ከአፈር ጋር ታግለሽ የት ትደርሻለሽ?» የሚል ሐሳብ አመጣ። ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ልጆቹ የወንድሙ ልጆች ናቸውና አሳስበውት ነበር። በ2015 ዓ.ም ጳጉሜን ላይ ቤተ ዘመድ ተሰበሰበና ነገሩ ተነሣ። እህቴም፣ «አንድ ዓመት ስጡኝ። ካልሆነልኝ ራሴ ተከራይ አመጣለሁ» አለች። ተስማሙላት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ደብተር ያዘች። እኔም በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ ደብተሩን አብሬያት እመለከት ነበር። ሦስት ረድፍ አሰመርንለት፤ የገባ ገንዘብ፣ የወጣ ገንዘብ፣ እሷ ራሷ የሠራችበት ሰዓት። ሦስተኛውን ረድፍ ስነግራት ሳቀች።

«የእኔ ጉልበት ደግሞ ምን ሒሳብ አለው?»

«እትዬ፣ ለሰው ብትሠሪ ኖሮ አይከፈልሽም ነበር?»

ትንሽ ዝም ብላ እርሳሱን ተቀበለችኝ።

አሁን ስለ ሥራው ልንገራችሁ። እህቴ ቦታውን በሠላሳ መደብ ከፈለችው። የእያንዳንዱ መደብ ስፋት አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አሥር ሜትር ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነበት ምክንያት ከግራም ከቀኝም ሆኖ እጅ መካከሉ ድረስ እንዲደርስና አፈሩ በእግር እንዳይረገጥ ነው። የተረገጠ አፈር ውሃም አየርም አያስገባም። በመደቦቹ መካከል መተላለፊያው፣ ከዳር ደግሞ የብስባሽ ጉድጓዱና የችግኝ መደቡ ስላሉ ከ600 ካሬ ሜትሩ በእርግጥ የሚዘራው ግማሹ ብቻ ነው። በትንሽ ቦታ ለመኖር የምታስብ ሴት ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ አለባት።

ያለ ኬሚካል የሚመረት አትክልት ማዕዱ ብስባሽ ነው። ይህን ነገር በአገራችን በጥናትና በተግባር ካስፋፉት ሰዎች መካከል በ2015 ዓ.ም መጋቢት ወር ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ይገኙበታል። እርሳቸውና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር በጀመሩት ሥራ፣ በሚገባ የተዘጋጀ ብስባሽ የሰብልን ምርት ከፍ እንደሚያደርግ በየማሳው አሳይተዋል። የእህቴም አሠራር ከዚያ የራቀ አይደለም። ደረቅ ገለባና ቅጠል ከታች ትነጠፋለች፣ በላዩ አረንጓዴ አረምና የአትክልት ትርፍራፊ፣ ከዚያም እበት፣ አመድና ስስ አፈር እያደረገች ትደራርባለች። በበጋ እርጥበቱ እንዳይጠፋ በጉድጓድ፣ በክረምት ውሃ እንዳያቁርበት ከመሬት በላይ ትሠራዋለች። መካከሉ ድረስ ረጅም እንጨት ትሰካበታለች። እንጨቱ ተነቅሎ ሲዳሰስ ሞቅ ካለ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደርቆ ከወጣ ውሃ ይፈልጋል። በየሦስት በአራት ሳምንቱ ትገለብጠዋለች። እንደ ሆለታ ባለ ደጋ አገር ሦስትና አራት ወር ይፈጃል። ጥሬ እበት በሰላጣና በካሮት መደብ ላይ አትበትንም፤ ያልበሰለ እበት የሆድ ትላትል ዕንቁላልና በሽታ ይዞ ወደ ማዕድ ይመጣልና።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እውነተኛው ችግር እበቱ ነው። እበት በደጋው አገር ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ማገዶ ነው። አንድ ኩበት ወደ ምድጃ በገባ ቁጥር ከመደቡ ይቀነሳል። እህቴ ያላት አንዲት ላም ብቻ በመሆኗ በደብተሩ የወጪ ረድፍ ላይ ከዘርና ከመጓጓዣ ቀጥሎ ተደጋግሞ የተጻፈው ቃል «እበት» የሚል ነው። ሆኖም በ2014 ዓ.ም የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በእጅጉ ሲንር ጎረቤቶቿ በድንጋጤ ሲመካከሩ እሷ የተለመደ ጉድጓዷን ትገለብጥ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የጊዜ አያያዝ ነው። ሠላሳውን መደብ በአንድ ጊዜ የዘራች ሴት በአንድ ጊዜ ታነሣለች፤ በአንድ ጊዜ ያነሣችውን ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ይወስደዋል። ስለዚህ እህቴ በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት መደብ ብቻ ትዘራለች። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ፣ ቀይ ሥር ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ካሮት በሦስት ወር፣ ነጭ ሽንኩርት በአራትና በአምስት ወር ይደርሳሉ። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ግን ቅጠላቸው ከሥር ከሥር እየተለቀመ ለወራት ይሰጣሉ፤ የቤቱ የዘወትር ገንዘብ የሚገኘው ከእነዚህ ነው። ጎመን በተነሣበት መደብ ጥቅል ጎመን አይተከልም፤ ሁለቱ ዘመዳሞች በመሆናቸው አንድ ዓይነት ተባይ ይጠራሉ። በምትኩ ፎሶሊያ ይገባና አፈሩን ያጠግበዋል፤ ቀጥሎ ካሮት ይመጣል።

የጾምና የፍስክ ነገርም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጎመን፣ ካሮትና ድንች እንደ ልብ ይሸጣሉ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የጎመን ፈላጊ ይቀንሳል። ይህን ቀድማ ያወቀች ሴት በእነዚያ ሳምንታት ሰላጣና ነጭ ሽንኩርት እንዲደርስላት ከወራት በፊት ታስባለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሒሳብ የሚያስደስት አልነበረም። ምርቱ ጥሩ ነበር፤ ዋጋው ግን አልነበረም። ከደጅ ድረስ መጥቶ የሚገዛው ነጋዴ ጎመኑ በብስባሽ ይደግ በዩሪያ አይጠይቅም፤ የሚከፍለው አንድ ዓይነት ነው። አንባብያን እንደምታውቁት በአገራችን ስለ ኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488/1998 ወጥቷል። ነገር ግን የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት በአብዛኛው የሚሠራው ወደ ውጭ ለሚላኩት እንደ ቡናና ሰሊጥ ላሉት ምርቶች ነው። ሠላሳ መደብ ያላት ሴት ለምስክር ወረቀት የሚጠየቀውን ወጪ አትችለውም። እንግዲህ ገዢው በምን ይመን? የሚያምነው ሰውን ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት እህቴ ከታኅሣሥ ጀምሮ ለነጋዴ መሸጡን እየቀነሰች ደንበኛ መያዝ ጀመረች። በሆለታና በአዲስ አበባ 18 ቤተሰቦች ተገኙ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ለእያንዳንዱ ቤት የወቅቱን አትክልት በዘንቢል አዘጋጅታ፣ የአዲስ አበባውን በሚኒባስ ትልካለች። ማረፊያው የእኔ በረንዳ ነው። ገንዘቡ በቴሌብር ይገባላታል። የዘንቢሉ ዋጋ ከነጋዴው ዋጋ ከፍ፣ ከችርቻሮው ግን ብዙም ያልበለጠ ነበር። ደንበኞቹ ሁሉ የተስማሙት በአንዲት ቃል ነው፤ «መድኃኒት አልተረጨበትም» በምትለው ቃል።

ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ የታወቀን በየካቲት 2016 ዓ.ም ማለቂያ ላይ ነው።

የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ቀን ይገባ ነበር። እህቴ ለጾሙ ብላ አሥር መደብ የሐበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን አድርሳለች። የትልቋ ልጇ የሁለተኛው መንፈቅ ክፍያም ከዚያው ሊወጣ ታስቧል። አንድ ማለዳ ቅጠሉን ገልበጥ ብታደርገው ከሥሩ ክሽክሽ ፈልቶበታል። በበጋ ሙቀትና ድርቀት ክሽክሽ በቀናት ውስጥ ይራባል፤ ቅጠሉን እየመጠጠ ያጨማድደዋል። ጎረቤቷ ደግ ሰው ናቸውና የራሳቸውን መርጫና የተረፋቸውን ማላታይን አምጥተው በር ላይ አስቀመጡላት። «ዛሬ ብትረጪው ነገ ትገላገያለሽ፤ ማን ያየሻል?» አሏት።

ማታ ደወለችልኝ። «ማንም አያየኝም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በማሸጊያው ላይ መድኃኒቱ ከተረጨ በኋላ ከመለቀሙ በፊት መቆየት ያለበት ቀን ተጽፏል፤ ቅዳሜ ግን የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በአንድ በኩል የልጅ ትምህርት፣ በሌላ በኩል የ18 ቤት ማዕድ። እኔ ደመወዜን ወር ጠብቄ የምቀበል ሰው በመሆኔ «ተዪው» ማለቱ ለእኔ ቀላል እንደሆነ ስለማውቅ ዝም አልኩ። እሷም ጥቂት ቆይታ፣ «ደብተሩ ላይ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ለ18ቱም ቤት ደወለች። «ጎመኔን ተባይ መትቶታል። መድኃኒት ላለመርጨት ወስኛለሁ። ለሦስት ሳምንት ጎመን የለኝም፤ ካሮትና ቀይ ሥር እልካለሁ። ያልተመቸው ቢተወኝ አልቀየምም» አለች። ከዚያ በኋላ ክፉኛ የተጎዱትን አራት መደቦች ነቅላ ለላሟ ሰጠች። ለቀሩት በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ፈሳሽ ሳሙና እየበጠበጠች፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ አጥልላ እየጨመረች፣ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ሳይበረታ የቅጠሉን ሥር አጠበች። ይህን በየአምስት ቀኑ ደጋገመችው። በሁለተኛው ሳምንት ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች በመደቦቹ ላይ መጡ። እነዚህ ጥንዚዛዎችና እጮቻቸው ክሽክሽ በላተኞች ናቸው፤ ማላታይን ቢረጭ ኖሮ እነሱም አብረው ባለቁ ነበር። ስድስት መደብ ተረፈ።

አምስት ደንበኞች ተዉ። የቀሩት አሥራ ሦስቱ ናቸው። ከእነዚህ አንዷ እናት ከበረንዳዬ ዘንቢሏን ስታነሣ፣ «ሻጭ ሆና ‹የለኝም› ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሴት እህትሽ ናት» አለችኝ። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ግን በምስጋና አይከፈልም። እህቴ የእቁቧን ዳኛ ለምና ተራዋን ከሌላ ሴት ጋር በመለዋወጥ ክፍያውን ከፈለች፤ ለዚህም እስከ ሰኔ ድረስ የቤት ወጪዋን አጥብቃ ያዘች። በግንቦት ወር ከተዉት ሁለቱ ተመለሱ፤ አዲሶችም በነባሮቹ በኩል መጡ።

ጳጉሜን 2016 ዓ.ም ላይ ቤተ ዘመድ እንደገና ተቀመጠ። እህቴ ደብተሯን ከፍታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። በሳምንት ከ36 ሰዓት ያላነሰ ሠርታለች። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የተረፈው ገንዘብ ለሰዓቱ ሲካፈል ከቀን ሠራተኛ ክፍያ ያንሳል። በኋለኞቹ ስድስት ወራት ግን ይበልጣል፤ በጥቂቱም ቢሆን ይበልጣል። መሬቱ አልጨመረም፤ የጨመረው ደንበኛና የመደብ አያያዝ ነው። ከጓሮው የበሉት ደግሞ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ነጋዴው ሊከፍል ያሰበው የዓመት ኪራይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነበር።

ዋርሳዋ ደብተሩን ተቀብሎ ገጾቹን አገላበጠ። «ይህ ሰዓት የሚባለው ምንድን ነው?» አለ። ነገረችው። ብዙ ቆየና፣ «የወንድሜ ሚስት ይህን ያህል ትሠራለች ብዬ አላሰብኩም» አለ። የኪራዩ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ከበረቱ የሚወጣውንም እበት ለሌላ ሰው መስጠቱን ትቶ ለእሷ ያመጣላት ጀመር፤ በዋጋ ነው እንጂ በነፃ አይደለም፤ እህቴም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ አንባብያን፣ ከላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ «ይቻላል» ነው፤ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ይህን ሥራ ልትጀምሩ ለምታስቡ እህቶች ከደብተሩ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የመሬቱ ይዞታ በስማችሁ መሆኑን ሳታረጋግጡ አፈር አታዳብሩ። አፈር የሚደልበው በዓመታት ነው፤ ሲደልብ ደግሞ ፈላጊው ይበዛል።

ሁለተኛ፣ ከዘር በፊት ውሃችሁን እወቁ። ኬሚካል ያልነካው አትክልት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ዳር በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን አሳይተዋል። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ የሚያመጣው ብረት በሥር በኩል ወደ ተክሉ ስለሚገባ፣ ቅጠሉን በማጠብ ብቻ አይለቅም።

ሦስተኛ፣ ምርት ሳይደርስ ደንበኛ ፈልጉ። ከምርት በኋላ የሚፈለግ ደንበኛ ነጋዴ ነው።

አራተኛ፣ የጥቅል ጎመን፣ የካሮትና የቀይ ሥር ዘር በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ይከብዳል። የሐበሻ ጎመን ዘርና የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ግን ከራሳችሁ መደብ ማስቀረት ትችላላችሁ።

አምስተኛ፣ ሰዓታችሁን ጻፉ። ያልተጻፈ ጉልበት በቤተ ዘመድ ፊት አይቆጠርም፤ ሳንቲሙን ቆጥራችሁ ሰዓቱን ከተዋችሁት የከሰረውን ሁሉ ያተረፈ ያስመስልባችኋል።

ለምትገዙትም አንድ ቃል አለኝ። «መድኃኒት ያልነካው ነው» ስትባሉ በደፈናው አትመኑ፤ በደፈናውም አትጠራጠሩ። የየት ውሃ ነው? የማዳበሪያው ምንድን ነው? መጥቼ ባይስ? ብላችሁ ጠይቁ። በደስታ የምትመልስላችሁን ሴት አጥብቃችሁ ያዙ። ቅጠሏ አንዳንድ ጊዜ በትል የተበሳ ይሆናል፤ ካሮቷም እንደ ሱቁ አንድ ዓይነት ቁመት አይኖረውም። ዋጋ ስትከራከሯት ግን በዘንቢሉ ውስጥ በሳምንት 36 ሰዓት ያጎነበሰ ወገብ እንዳለ አስቡ። ያንን ጉልበት በነፃ እንደተገኘ ነገር ከቆጠራችሁት በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ ለነጋዴ ይከራያል፤ እናንተም ምን እንደተረጨበት የማታውቁትን ጎመን ትገዛላችሁ።